ክሎሪኑ ወለሉን አይጠብቅም
ስለ እግር ፈንገስ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ የመዋኛ ገንዳው ውኃ ጀርም የሚገድል ክሎሪን ስላለበት የእግር ፈንገስ እየታከሙ መዋኘት ችግር የለውም ማለቱ አሳስቦኛል። ፈንገሱ በብዛት የሚተላለፈው ከውኃው ሳይሆን ሁሉም በባዶ እግሩ ከሚረግጠው እርጥብ ወለል ነው። ልጄ ዋና ሲማር ይዞት መጣ፤ በትንሿ ጣቱና በአጠገቧ ባለችው መካከል ቆዳው ነጥቶና ርሶ ይላጥ ነበር። ክሎትሪማዞል የተባለ የፈንገስ ቅባት በተቀባ በ5ኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፤ እኔም ዳነ ብዬ ቅባቱን አስተውኩት። በወሩ ተመልሶ መጣ፣ የታናሽ እህቱም እግር ላይ ወጣ! ይህ ቅባት ማሳከኩ ቢጠፋም እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። እባካችሁ እስኪድን ሳትዋኙ ታገሡ። የግድ የሚዋኝ ሰው ግን እስከ ገንዳው ጠርዝ ነጠላ ጫማ ያድርግ፤ ሲወጣ በጣቶቹ መካከል በደንብ አድርቆ ይቀባ፤ ፎጣውንም ለማንም አያውስ።