በላ ልበልሃ፦ ፑት ሲበዛ አክሲዮን ይገዛ?

ደጋፊ

ፑት አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው፤ ገበያው ሲወርድ ይጠቅማል። ኮል የመግዛት መብት ነው፤ ሲወጣ ይጠቅማል። ሁለቱም ማብቂያ ቀን የተቆረጠላቸው ውሎች ናቸው፤ በአንድ ስም ኦፕሽን ይባላሉ። በቀኑ የተገበያየው ፑት ለኮል ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ፑት-ኮል ሬሾ ይባላል። የነጠላ ኩባንያዎችን ኦፕሽን ብቻ ከቆጠርን በደህናው ጊዜ ከ1 በታች ነው፤ ሰው ተስፈኛ ነውና ኮል ይበዛል። 1ን ሲያልፍ ግን ሕዝቡ ደንግጧል። እኔ የምገዛው ያኔ ነው።

ጀብደኛ ሆኜ አይደለም። ለደንጋጣው ፑት የሚሸጥለት ማርኬት ሜከር (ሁልጊዜ ለመግዛትም ለመሸጥም የተዘጋጀ ነጋዴ) ራሱን ለመከላከል አክሲዮኑን ወይም ኢንዴክሱን (የብዙ አክሲዮኖችን ጥቅል መለኪያ) ሾርት ያደርጋል፤ ማለትም ተበድሮ ይሸጣል። ድንጋጤው ሲበርድ ፑቱ ይረክሳል፤ እሱም የሸጠውን መልሶ ይገዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ገበያውን ወደ ላይ የሚገፋው ያው የፍርሃቱ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ቪክስ፣ ከኦፕሽን ዋጋ የሚሰላው የገበያው የፍርሃት መለኪያ፣ 82.69 ላይ ዘጋ። የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከሳምንት በኋላ፣ ማርች 23፣ ወለሉን ነካ፤ በኦገስት ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን ሪከርድ ሰበረ።

ተቃዋሚ

ወንድሜ፣ በፑት-ኮል ከሰህ በቪክስ አስመሰከርክ። ይሁን፣ ምስክርህን እኔም ልጠይቀው፤ 2020ን ተናግሯል፣ 2008ን ግን ዘሎታል።

ኦክቶበር 27 ቀን 2008 ቪክስ ከ80 በላይ ዘጋ። ከዚህ የባሰ ፍርሃት ከየት ይመጣል? ኤስ ኤንድ ፒ ያን ቀን 849 አካባቢ ነበር። በአንተ ደንብ የገዛ ሰው፣ ማርች 9 ቀን 2009 ኢንዴክሱ 676 ላይ ሲዘጋ ከገንዘቡ አንድ አምስተኛው የለም። ደግሞ በዚያ በወለሉ ቀን ቪክስ 50 አካባቢ ነበር! ደወሉ ሲደወል ቅዳሴው ገና ነው፤ ቅዳሴው ሲገባ ደወሉ ዝም አለ።

ሌላው ነገር፣ ቁጥሩ ማን እንደገዛ አይናገርም። አክሲዮኑ አይወድቅም ብሎ ፑት ሸጦ ፕሪሚየም (ገዢው ለኦፕሽኑ የሚከፍለውን ዋጋ) የሚለቅም ሰው በአንተ ሬሾ ውስጥ ከፈሪዎቹ ጋር ተቆጥሯል። ፑት የሚገዛ የጡረታ ፈንድም መኪናውን ኢንሹራንስ እንዳስገባ ሰው ነው፤ ይጋጫል ማለት ነው እንዴ? የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ፓን እና ፖቴሽማን በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለመለየት ገዢዎች አዲስ የከፈቱትን ውል ብቻ ነጥለው አዩ፤ ለሕዝብ ከማይወጣ መረጃ። ያገኙት ደግሞ የአንተን ግልባጭ ነው፦ ኮል የበዛላቸው አክሲዮኖች በተከታዮቹ ቀናት ፑት ከበዛባቸው ተሽለው ሄዱ።

ደጋፊ

ጥናቱን ጨርሰህ ብትነግረን። ስለ አንድ ኩባንያ ቀድሞ የሰማ ሰው ይኖራል፣ ኦፕሽኑም ያሳብቅበታል። ስለ መላው ገበያ ግን ማን ቀድሞ ይሰማል? አጥኚዎቹም በኢንዴክስ ኦፕሽን ላይ የዚህ ዓይነት ዕውቀት ምልክት አላገኙም። እኔ የማወራው ስለ መላው ገበያ ነው፤ እዚያ ያለው ስሜት ብቻ ነው፣ ስሜት ደግሞ ይበርዳል። በቪክስ ማስመስከሬን ግን አልክድም።

ተቃዋሚ

ይበርዳል፤ መቼ? ጥያቄው እሱ ነው። መለኪያው ራሱ እንኳ ባለበት አልቆመም። ከ2022 ጀምሮ በኤስ ኤንድ ፒ ኢንዴክስ ላይ በየሥራ ቀኑ የሚያልቅ ኦፕሽን አለ። መላው ገበያ ብለህ እሱንም ከቆጠርክ፣ ጠዋት ተገዝቶ ማታ የሚሞት ፑት ብዛቱን ያሳብጠዋል፤ ባለቤቱ ግን ከእራት በፊት ረስቶታል። የሦስት ወር ፑትና የሦስት ሰዓት ፑት እኩል አንድ ተብለው ተቆጥረው፣ የዛሬውን 1 ከ2008ቱ 1 ጋር ልታስተያየው ነው?

ደጋፊ

ለዚህ ነው ገንዘቤን ሦስት ቦታ የምከፍለው። ሬሾው 1ን ሲያልፍ አንዱን አስገባለሁ። ከወር በኋላ ገበያው ቢወርድም ሁለተኛውን። ሦስተኛውን የማስገባው ዋጋው ያለፈውን ከፍታ ሲሰብር ብቻ ነው። በ2008 በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ይቆስላል እንጂ አይሞትም።

ተቃዋሚ

ታዲያ ሦስተኛውን ያስገባህ ዋጋው ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ካላንደር። ፑቱ ምን ሠራ?

ደጋፊ

ሰው ሁሉ በሚሸጥበት ቀን የመጀመሪያውን በምን አስገባው ነበር?