3 ሜትር ሲቀናነስ

በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዳር ያለ የእግረኛ መንገድ ፕላኑ ላይ 3 ሜትር ስፋት አለው እንበል። የመብራት ምሰሶው 50 ሳንቲ ይወስዳል፤ ምሰሶ ነው፣ ከሱ ጋር ክርክር የለም። የጀበና ቡናው ረከቦት፣ ምድጃና አራት ዱካ፣ 1 ሜትር ከ20። ድንችና ሽንኩርት የተከመረበት ጉሊት፣ 70። «ትንሽ ብቻ» ወጣ ያለው የቆርቆሮ አጥር፣ 20። ቀሪ፣ 40 ሳንቲ። ተሽከርካሪ ወንበር ለማለፍ እንኳ 90 ይፈልጋል። በ40 የሚያልፉት ድመትና በጎኑ የሚሄድ ሰው ናቸው፤ የተረፈው ሕዝብ አስፋልት ወርዶ ከገልባጭ መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጓዛል። በ2011 ዓ.ም. በወር አንድ እሁድ መንገዱን ለመኪና መዝጋት «መንገድ ለሰው» ተብሎ ሲጀመር፣ የቀሩት ቀናት የማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

ባለ ጉሊቷን ማባረር ዋጋ የለውም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራዋን ጠቅልላ ትሮጣለች፣ ዞር ሲል ትዘረጋለች፤ ገበያ ያለው ሰው በሚያልፍበት ነዋ! የሚያዋጣው ምሰሶውን፣ ዛፉን፣ ቡናውንና ጉሊቱን በአስፋልቱ በኩል በ1 ሜትር ውስጥ አሰልፎ፣ በአጥሩ በኩል 2 ሜትር ለእግር መተው ነው። ቡና ጠጪውም እግሩን አጠፍ ያደርጋል።

ከእግረኛ መንገዱ ሥር ደግሞ መረሬ፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ አለ። ክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ በጋ እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። እሱን ሳያወጡ ታይል ያነጠፉበት እንደሆነ፣ ነሐሴ ላይ አንዱ ታይል ይነቃነቅና ከሥሩ ውሃ ያቁራል። ጥጉን ሲረግጡት ጭቃውን እስከ ጉልበት ይረጫል፤ ያውም ነጭ በተለበሰ ቀን። መድኃኒቱ መረሬውን ቆርጦ መጣል፣ ሰሌክት (ለመሙያ የተመረጠ አፈር) ከ15 እስከ 20 ሳንቲ እየደረቡ፣ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ ከዚያም 2 በመቶ ወደ ቦዩ ማዘንበል ነው። ባለሙያው ይህን ያውቀዋል። ምን ያደርጋል፣ ምረቃው ከጥቅጠቃው ይቀድማል።

የአገሪቱ የ2020–2029 እ.ኤ.አ. የትራንስፖርት ስትራቴጂ እግረኛውንና ብስክሌተኛውን አንድ ላይ «ሞተር አልባ» ይላቸዋል፤ ምን እንደጎደላቸው ከስማቸው ይታወቃል። የብስክሌተኛው ጠላት ግን ዳገቱ ሳይሆን የቦይ ፍርግርጉ ነው። ብረቶቹ በጉዞው አቅጣጫ ከተደረደሩ ቀጭኑ ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ብስክሌቱ ይቆማል፣ ሰውዬው ጉዞውን ይቀጥላል። ፍርግርጉ ካሬ ከሆነ ሁለት ሰው በዲጂኖ ፈልቅቆ 90 ዲግሪ ያዞረዋል። በጀት አይጠይቅም፤ ሳይዞር የቀረውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ፍርግርግ የሌለው ቦይ የኮንክሪት ክዳን አለው። 60 በ60፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ከሆነ 86 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማንሻ ቀለበት ከፌሮ ይበጅለታል፣ ፌሮው በሦስተኛው ቀን ቁራሌው ጋ ይደርሳል። ቦይ ጠራጊው የሚይዘው ሲያጣ ክዳኑን ይፈልጠዋል። በቀለበቱ ፈንታ ገና ኮንክሪቱ ሲሞላ ሁለት ቀዳዳ ቢተውለት፣ መንጠቆ ይዞ የመጣ ያነሳዋል፣ ቁራሌውም የሚቆርጠው አያገኝም። እስከዚያው ሰፈሩ ጉድጓዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይተክላል። ቅርንጫፉ ደርቆ ለማገዶ ሲደርስ ባለ ጀበናዋ ትነቅለዋለች። በዚያ ሳምንት ማታ ከታክሲ የወረደ ሰው ከገልባጩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቢሄድ ይሻለዋል።