«እቤቴ እሠራዋለሁ»

በኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ዉድሳይድ የሚባል ሰፈር አለ። በሩዝቬልት ጎዳና፣ የ7 ቁጥር ባቡር ከላይ በሚያልፍበት የብረት ሐዲድ ሥር፣ የፊሊፒኖዎች ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ከተማው እዚያ አንዱን የመንገድ መጋጠሚያ ሊትል ማኒላ አቬኑ ብሎ ሰይሞታል።

ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ቱሮ-ቱሮ ይባላሉ፤ ስሙ በፊሊፒንስ ቋንቋ በታጋሎግ መጠቆም ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ትሪዎቹ ከመስታወት ጀርባ ይተናሉ፣ ደንበኛው በጣቱ ያሳያል፣ ሩዙ ላይ ይጨለፍለታል። እኔ በገባሁበት ቤት እናት ትጨልፋለች፣ አባት ጓዳ ነው፣ ልጅ ሒሳብ ትቀበላለች። ከፊቴ የነበረች፣ የሆስፒታል ልብሷን ያላወለቀች ሴት ካሬ-ካሬ የሚሉትን የበሬ ጭራ ወጥ ጠቁማ ዋጋውን ሰማችና አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። ልጅቷ ተረጎመችልኝ፦ «ለዚህማ እቤቴ እሠራዋለሁ።»

ትሥራዋ! የበሬ ጭራው እስኪለሰልስ ለሰዓታት ይቀቀላል። መረቁ በኦቾሎኒና ተቆልቶ በተፈጨ ሩዝ ይወፍራል። የሙዝ አበባና ደበርጃን ይጨመርበታል፤ ከጎኑም ባጎኦንግ የሚሉት፣ በጨው የተብላላ ትናንሽ ሽሪምፕ ይቀርባል፤ ሽታው ለጀማሪ ይከብዳል፣ ያለ እርሱ ግን ካሬ-ካሬ አልጫ ነው። የበሬ ጭራም ቢሆን ድሮ ርካሽ ነበር፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው አይቀመስም።

ሴትዮዋ ለዚህ ጊዜ ከየት ታመጣለች? ከ1965ቱ የስደተኞች ሕግ ወዲህ አሜሪካ ፊሊፒኖ ነርሶችን በብዛት ስታስገባ ኖራለች። አንድ የነርሶች ማኅበር በ2020 እንዳወጣው፣ ከሀገሪቱ ነርሶች 4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ በኮሮና ከሞቱት ነርሶች ግን ሲሶ የሚጠጉት እነርሱ ነበሩ። ሌሊት ከበሽተኛ ጋር ያደረ ሰው ጭራ ሲቀቅል አይውልም። እቤቴ እሠራዋለሁ የሚለው አባባል፣ በእኔ ግምት፣ ሥራ ሳይሆን ናፍቆት ነው።

የእኛም ሰው ከዚህ አይለይም። ዋሽንግተን ውስጥ ዶሮ ወጥ ሲያዝ ዋጋው ላይ ይከራከራል፤ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደተቁላላ እያወቀ! እዚያው ከተማ ለዱቄትና ለውኃ፣ ማለትም ለፓስታ፣ እጥፍ ከፍሎ ጉርሻ ይጨምራል። የማናውቀውን ምግብ ድካም እናከብራለን፤ የእናታችንን ድካም ግን ነጻ ነው ብለን ስለለመድን ሌላዋ እናትም በነጻ ትሥራልን እንላለን።

ነጻ የሚሠራው ደግሞ በእርግጥ አለ፤ ልጅቷ ናት። ሒሳብ ተቀባይ ቢቀጥሩ ደመወዝ ይከፍሉ ነበር፤ እርሷ ግን የቤት ልጅ ስለሆነች በወጪ አትቆጠርም። ርካሹ ሳህን የሚደጎመው በእርሷ ምሽቶች ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች፣ የእነርሱም የእኛም፣ ዋጋ ይጨምሩ እላለሁ፤ ለልጃቸውም ይክፈሉ። የሚሸሽ ደንበኛ ይኖራል፤ ብዙ አይሆንም።

ባቡሩ አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ እያጉረመረመች ከፈለች፤ በር ላይ ደረሰችና ተመልሳ ካሬ-ካሬውን እንደገና ጠቆመች፤ ለነገ ሌሊት የሚቋጠር።