ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስለ ኦንላይን ፖከር ዝምታው ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምላችሁ ነገር ለአንዳንዶቻችሁ አይጥማችሁም። ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ጀርመንታውን የምትኖሩ፣ ዜግነት ወስዳችሁ በየምርጫው ድምፅ የምትሰጡ ሐበሾች፣ እናንተን ነው የምለው። የኦንላይን ፖከር፣ ማለትም በኢንተርኔት በብር የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ፣ ነገር ሲነሳ «በስመ አብ፣ ቁማር!» ብላችሁ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። እናንተ ፊታችሁን ስላዞራችሁ ግን ጨዋታው አልቆመም። ልጆቻችሁ ስልክ ውስጥ አለ። የዕቁብ ጓደኞቻችሁ ስልክ ውስጥም አለ።

ቢደብሊውአይ ኤርፖርት አካባቢ ኡበር ነጂዎች ተራ ወደሚጠብቁበት ቦታ ሂዱና ተመልከቱ። አንዱ ስልክ ላይ የኡበሩ ካርታ ተከፍቷል፣ ሌላው ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ካርታ ይታደላል። የክለብ አፕ ይሉታል። አፑ ራሱ «እኔ ብር አልነካም፣ ቺፑ (በብር ፈንታ የምታስይዘው ነጥብ) መጫወቻ ብቻ ነው» ይላል። ብሩን የሚነካው ኤጀንት የሚባለው ሰው ነው። ብሩን በዜል፣ በስልክ ብር መላኪያው፣ ትልክለታለህ፣ ማስታወሻው ላይ «ለምሳ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ትንሽ ቆይቶ ቺፑ ይገባልሃል። ከተበላህ ምንም ችግር የለም፣ ሁሉም ነገር በፍጥነት ያልቃል። ስታሸንፍ ነው ነገር የሚመጣው። አንድ የማውቀው ልጅ ከሺህ ዶላር በላይ አሸንፎ ክፈለኝ ሲል መጀመሪያ «ነገ»፣ ቀጥሎ «ሰኞ» ተባለ፣ ከዚያ ኤጀንቱ ስልኩን ብሎክ አደረገው። ለማን ይክሰስ? ፖሊስ ጋ ሄዶ ምን ይላል? «ለምሳ» የላከው ብር እኮ ነው!

ይሄ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ከዚህ በፊት በትልቁ አይታዋለች። በ2006 ኮንግረሱ የወደብ ደኅንነት ሕግ ሲያወጣ (አዎ፣ የወደብ!) ጭራው ላይ ስለ ኢንተርኔት ቁማር አንድ ክፍል ለጠፈበት። ሕጉ ተጫዋቹን «አትጫወት» አላለውም፣ ባንኮችንና ክፍያ አስተላላፊዎችን ነው «ሕገወጥ ቁማር ላይ ብር እንዳታሳልፉ» ያላቸው። ውጤቱስ? ጨዋታው ቀጠለ፣ ክፍያው ግን ጓዳ ገባ። ኤፕሪል 15 ቀን 2011 ተጫዋቾች እስከ ዛሬ «ጥቁሩ ዓርብ» የሚሉት ቀን መጣና የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር የሚባሉትን የፖከር ድረ ገጾች የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች ከሰሰ። ክሱ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? የቁማሩ ብር የጌጣጌጥና የጎልፍ ኳስ ሽያጭ እየተባለ በባንክ ሲያልፍ ነበር። እነሱ የጎልፍ ኳስ፣ እኛ ምሳ።

ከሁሉም የከፋው የፉል ቲልት ነው። ድርጅቱ ለተጫዋቾቹ ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ እያለበት ባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ቁጥር ብር መስሎት ነበር፣ ለካ ቁጥር ብቻ ነው። ፖከርስታርስ በ2012 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ፉል ቲልትን ባይረከበው ኖሮ ያ ገንዘብ የሚመለስ አይመስለኝም። እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ያሉት ተጫዋቾች ብራቸውን ማየት የጀመሩት በ2014 ነው፣ የአብሶሉት ፖከሮቹማ እስከ 2017 ጠብቀዋል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ኒው ጀርሲ፣ ኔቫዳና ዴላዌር በ2013 ኦንላይን ፖከርን በሕግ ከፈቱ። ጎረቤታችን ፔንሲልቬንያ በ2019፣ ሚሺጋን በ2021 ተከተሉ። እኛ ጋ አሁንም የለም። ኤሚትስበርግ ቁጭ ያለ ሰው ፔንሲልቬንያ ፈቃድ የሰጠችውን አፕ ሲከፍት አፑ ያለበትን ቦታ አይቶ አይሆንም ይለዋል። ትንሽ ነድቶ ጌቲስበርግ ሲደርስ ያው አፕ ይከፍትለታል። አይ፣ ነዳጅ አላቃጥልም ያለው ደግሞ ኤጀንቱ ጋ ይደውላል።

አሁን ደግሞ ትዝብቴን ልንገራችሁ። የስፖርት ውርርድ በዚሁ በሜሪላንድ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በስልክ ተፈቅዷል። በ2020 ምርጫ ድምፅ ሰጥተን ያሳለፍነው እኛው ነን። ማስታወቂያው በየጨዋታው መሀል ይጮኻል፣ ልጆቻችሁ ከመዝሙር በፊት የውርርድ ኩባንያ ስም ይሸመድዳሉ፣ ማንም «በስመ አብ» ሲል አልሰማሁም። እዚያ ላይ የምትወራረደው ከኩባንያው ጋር ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም ኩባንያው ነው። ጎበዝ ሆነህ ቶሎ ቶሎ ካሸነፍክ መወራረድ የምትችለውን መጠን ያወርድብሃል። ፖከር ላይ ግን ሰው ከሰው ጋር ነው የሚጫወተው፣ ቤቱ ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ቆርጦ ይወስዳል እንጂ ማን አሸነፈ ማን ጉዳዩ አይደለም። ችሎታ ቦታ አለው። ይሄ ማለት ግን አብዛኛው ሰው ያተርፋል ማለት አይደለም። አብዛኛው ይከስራል፣ ይሄን የሚክድ ሰው ቺፕ ሊሸጥላችሁ ነው። እኔ ተጫወቱ አላልኩም። የባሰውን በሩን በርግዶ፣ የተሻለውን ለኤጀንት የሚተው ሕግ ሕግ አይደለም ነው ያልኩት።

በ2024 የሜሪላንድ ምክር ቤት በሚቀመጥበት በአናፖሊስ ኦንላይን ቁማርን በሕግ ለመፍቀድ ሙከራ ነበር። ረቂቁ የታችኛውን ምክር ቤት አለፈ፣ ሴኔት ሲደርስ ቆመ። የካሲኖ ሠራተኞች ማኅበርና አንዳንድ የካሲኖ ባለቤቶች «ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ ከተጫወተ እኛ ጋ ማን ይመጣል?» ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸውን አልንቅም። ናሽናል ሃርበር ካሲኖ ካርታ የሚያድሉ፣ መኪና የሚያቆሙ፣ ክፍል የሚያጸዱ ወገኖች አሉን። ግን ልብ በሉ፣ ያ ረቂቅ ፖከሩን ብቻ አልነበረም የያዘው፣ ቁልፍ ተጭነህ ዕድልህን ብቻ የምትጠብቅበትን የስሎት ማሽንም ስልክ ውስጥ ሊያስገባ ነበር። ካሲኖውን የሚያኖረው፣ ሰውንም ጨርቅ የሚያስጥለው ስሎቱ ነው። በእኔ እምነት ሁለቱ መለየት አለባቸው። ፖከሩ ለብቻው ይምጣ፣ ስሎቱ እዚያው ካሲኖው ውስጥ ይቅር።

ሕግ ሲባል ደግሞ «ተፈቅዷል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የተጫዋቹ ብር ከድርጅቱ ብር ተለይቶ በሌላ አካውንት ይቀመጥ፣ የፉል ቲልት ጉድ እንዳይደገም። ካርታውን የሚበውዘው ፕሮግራም በገለልተኛ አካል ይፈተሽ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ በመታወቂያ ይለይ። በብድርና በክሬዲት ካርድ መጫወት ይከልከል፣ ምክንያቱም ቤት የሚያፈርሰው የኪስ ብር ሳይሆን የሌለ ብር ነው። ሰው የሳምንት ገደቡን ራሱ ወስኖ፣ ወስኖም በንዴት ሰዓት መልሶ ከፍ እንዳያደርገው ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቅ። ከጨዋታ ራሱን ያገደ ሰው አንድ ቦታ ተመዝግቦ ከሁሉም ይታገድ። ሜሪላንድ ብቻዋን 6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ ጠረጴዛ መሙላት ስለሚከብዳት፣ የተለያዩ ግዛቶች ተጫዋቾችን በአንድ ጠረጴዛ በሚያገናኘው፣ ፔንሲልቬንያ በ2025 በገባችበት የክፍለ ግዛቶች ስምምነት ውስጥ ትግባ። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ ሰው ተመልሶ ኤጀንቱ ጋ ይሄዳል።

አንድም ለእኛ ብቻ የሚሆን አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ደብዳቤ በአማርኛ ይተረጉማሉ። ማስጠንቀቂያውና የእርዳታ መስመሩ ለምን በአማርኛ አይሆንም? አሁን ቁማር አልላቀቅ ያለው ሰው 1-800-426-2537 ላይ መደወል ይችላል። ግን ሚስቱ ፊት አንገቱን የደፋ ሰው በእንግሊዝኛ «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ለማያውቀው ሰው ሲናገር አስቡት።

ግብሩን ሳልረሳው። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ2026 ጀምሮ ቁማርተኛ ግብር ከሚታሰብበት ትርፉ ላይ የኪሳራውን 90 በመቶ ብቻ እንዲቀንስ ወስኗል። 50 ሺህ አሸንፎ 50 ሺህ የተበላ ሰው፣ ኪሱ ምንም ሳይገባ፣ 5 ሺህ እንዳተረፈ ተቆጥሮ ግብር ይጠየቃል። እንዲህ ከሆነ ማን በሕጋዊ መንገድ ይጫወታል? ይሄ አናፖሊስ ሳይሆን ኮንግረስ ጋ የሚነሳ ነው፣ ለእነሱም መጻፍ አያቅተንም።

አባቶችም፣ ሽማግሌዎችም፣ በመድረክ ላይ ስታወግዙ እሰማለሁ፤ ልክ ናችሁ፣ አውግዙ። ግን ከውግዘቱ በኋላ ልጁ ኤጀንት ጋ ተበልቶ ሲመጣ ዕዳውን የሚያዋጣው ያው ጉባኤ ነው። ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር፣ ዘረፋውን ግን ለሕግ መተው እንችላለን።

ሜሪላንድ ውስጥ ቁማር የሚያሰፋ ነገር መጨረሻው ወደ ድምፅ ሰጪው ነው የሚመጣው፣ ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ከዚያ በፊት ግን ሴኔቱን ማለፍ አለበት። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ 90 ቀን ነው የሚሠራው። በየትኛው ወረዳ እንዳላችሁ ካላወቃችሁ ድረ ገጻቸው ላይ አድራሻችሁን አስገቡ፣ የሴናተራችሁ ስምና ስልክ ይወጣላችኋል። ስትደውሉ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሠራተኛ ነው፣ ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ይጠይቃል፣ ሐሳባችሁን ይመዘግባል። ፖከሩ ከስሎቱ ተለይቶ ይቅረብ፣ የተጫዋች ብር ይለይ፣ እርዳታው በአማርኛም ይሁን በሉት። እንግሊዝኛው የከበዳችሁ ልጆቻችሁን አስደውሉ፣ እግረ መንገዳችሁን ስልካቸው ላይ የትኛው አፕ እንዳለ ትጠይቋቸዋላችሁ።