የቅንብር ፋይል ፈቃድም ቅንብር ነው

የዳታቤዝ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይልን ፈቃድ ከ644 (ማንም ተጠቃሚ ከሚያነበው) ወደ 640 (ባለቤቱና ቡድኑ ብቻ ወደሚያነቡት) ያጠበቀ የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ በፋይሉ ውስጥ መስመር ከለወጠ ባልደረባው ያልተናነሰ ውሳኔ ወስኗል። ሶፍትዌር የሚጭኑና የሚያሻሽሉ አንዳንድ ፓኬጅ ማኔጀሮች ግን ለይዘቱ ሲጠነቀቁ ፈቃዱን እንደ ትርፍ ነገር ያዩታል።

የዚህ ቸልተኝነት ጫፍ የታየው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 በወጣው የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማኔጀር፣ ኤንፒኤም 5.7.0፣ ነው። አቃፊ ሲፈጠር ባለቤትነቱን እንዲያስተካክል የታሰበው ኮድ፣ ፕሮግራሙ በሱዶ (ትእዛዝን በዋናው አስተዳዳሪ፣ በሩት፣ ሥልጣን በሚያስኬደው መሣሪያ) ሲሄድ ነባር አቃፊዎችንም ስለሚነካ፣ ኢቲሲንና ዩኤስአርን የመሳሰሉ የሲስተም አቃፊዎች ከነይዘታቸው ከሩት እጅ ወጥተው በተራ ተጠቃሚ ስም ተመዘገቡ። ሱዶ ደግሞ የራሱ ፋይል ባለቤት ሩት ካልሆነ አልሠራም ይላል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለማረም የሚያስፈልገው መሣሪያ ራሱ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ስሪቱ ለሙከራ የታሰበ ነበር ቢባልም ማስታወቂያው ይህን በግልጽ አላስቀመጠም። ማስተካከያው 5.7.1 ፈጥኖ ቢወጣም፣ ሲስተማቸውን እንደ አዲስ ለመጫን ለተገደዱት አልደረሰላቸውም።

ያ ስህተት ነው፣ ታርሟል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሆን ተብሎ የሚሠራው ነው። የደቢያን ሊኑክስ ፓኬጅ ማኔጀር ዲፒኬጂ የቅንብር ፋይል ሲያሻሽል የነባሩን ባለቤትና ፈቃድ ወደ አዲሱ ይገለብጣል። በሬድ ሃትና በፌዶራ ሊኑክስ የምናውቀው አርፒኤም ግን፣ ጥቅሉን (ፓኬጁን) ያዘጋጀው ሰው “ኖሪፕሌስ” (አትተካ) ብሎ ምልክት ካደረገበት በአስተዳዳሪው የተለወጠውን ይዘት ሳይነካ አዲሱን ፋይል “አርፒኤምኒው” በሚል ቅጥያ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ይዘቱ እንዳለ ሆኖ ፈቃዱ ብቻ የተለወጠ ከሆነ ግን በማሻሻያው ወቅት ጥቅሉ ወደሚያዘው ፈቃድ ይመልሰዋል። 640 የነበረው በዝምታ 644 ሆኖ ያድራል፤ አገልግሎቱ ስለማይቋረጥ ማንም ልብ አይለውም።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ክብደት አለው፤ ልቅ የነበረ ፈቃድን የሚያጠብቅ የደኅንነት ማስተካከያ በሁሉም ማሽን ላይ መተግበር አለበት ይላሉ። እስማማለሁ፤ ግን ማጥበቅና ማላላት አንድ አይደሉም። ማጥበቁ ያለ ጥያቄ ይፈጸም፤ ማላላቱ ግን ለይዘቱ እንደሚደረገው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሰጥበት፣ ነባሩም ይጠበቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በመሣሪያው እጅ አለ፤ የአርፒኤም የማረጋገጫ ትእዛዝ ፈቃዱ ከተመዘገበው የተለየ ፋይል ሲያገኝ “ኤም” በሚል ፊደል ለይቶ ያሳያል። እያወቀ ለምን ሳይጠይቅ እንደሚያልፍ አጥጋቢ ምክንያት እስካሁን አልሰማሁም።