ከገድሉ የሚዘለለው ገጽ

ነሐሴ 24 ቀን የደሴው ጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከቅዳሴ ወጥተን ሆጤ አካባቢ ወደሚገኘው የማኅበራችን ተረኛ ቤት ስንገባ ነጠላችን በካፊያው ርሶ ትከሻችን ላይ ተጣብቋል። ዕለቱ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት፣ የእናታችን የክርስቶስ ሠምራም በዓል ነው። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እንደ ተቀዳ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የቤቱ ልጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጻድቁን ሥዕል አንጋጦ ሲመለከት ቆየ። ክንፎቹን፣ ወደ ላይ የተዘረጉትን እጆች፣ ከጎን ወድቃ የተሣለችውን እግር በየተራ ካየ በኋላ፣ «እኔ እኮ ሰባት ዓመት በአንድ እግር መቆም አልችልም፤ እንግዲያው ጻድቅ መሆን አልችልም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። የኔታ ግን ልጁን አቅርበው፣ መቆሙ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጸጋ እንጂ ሰው ሁሉ የሚለካበት ልክ እንዳልሆነ፣ ለእያንዳንዱም ተጋድሎው እንደ አቅሙ እንደሚሰጠው አስረዱት። ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን በሆስፒታል የምታገለግለው ወጣት ነርስ፣ «የኔታ ይፍቀዱልኝና፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የነገርነው እኛ ነን» አለች። ክርክሩም ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ።

ነርሷ የምትለው ይህ ነበር። ጻድቁ እግራቸው የተሰበረው በ92 ዓመታቸው ነው፤ ያረፉት ደግሞ በ99 ዓመታቸው ነው። ለልጆች የምንነግረው ግን የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሕይወታቸው፣ ማስተማራቸውም፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መመሥረታቸውም፣ ከዚህ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተቀምጠው መማራቸውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። «ልጆቹን በየዓመቱ መኪና ተከራይተን ሐይቅ እንወስዳቸዋለን። ወንዶቹ ገዳሙን ይሳለማሉ፣ እኛ ሴቶቹ ከበር ቆመን እንጸልያለን፣ ሐይቁን አይተን እንመለሳለን። ያ ቦታ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ የሚጻፍበትና ትምህርት የሚሰጥበት ትልቅ ጉባኤ ቤት እንደ ነበረ የነገራቸው አለ? አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እዚያው ትምህርት አልገባው ብሎ ሲቸገር፣ ለማኅበሩ እህል እየፈጨ ያገለግል እንደ ነበርስ? በክፍላቸው መጨረሻ የሚወጣ ልጅ ይህን ቢሰማ ምን ያህል ይጽናና ነበር!»

መርካቶ መንገድ ሱቅ ያለው ነጋዴ ወዳጃችን በዚህ አልተስማማም። ቁጣ አልነበረበትም፤ ፍርሃት እንጂ። የአባ ጊዮርጊስን ወፍጮ ብቻ ተናግሮ እመቤታችን የሰጠችውን የማስተዋል ጽዋ ዝም ማለት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ትምህርት ተናግሮ ክንፋቸውን መሸፈን ይመጣል ብሎ ይሰጋል። «ዛሬ ወፍጮውን እናጉላ ይባላል፤ ነገ ደግሞ ተአምሩ ምሳሌ ነው ይባላል፤ ከነገ ወዲያ የሚቀረን ታታሪ ሰው ነው። ታታሪ ሰውማ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ለእርሱ ሻማ አናበራለትም» አለ።

«እኔ አንድም ተአምር ዝለሉ አላልኩም፤ የምትዘልሉት እናንተ ናችሁ» ስትል ነርሷ መለሰችለት። «ባለፈው ዓመት በዚህችው ዕለት የክርስቶስ ሠምራን ገድል ሳነብ፣ ገረዲቱ ጋ ስደርስ እለፊው ያለኝ ማን ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እለፊው ያለቻት የዛሬዋ ባለተራ፣ የቤቱ እመቤት ነበረች። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ሰው፣ ባለጸጋ፣ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። አንድ ቀን አንዲት ገረዷ ብታስቆጣት፣ በንዴት የእሳት ትንታግ አንሥታ በአፏ ከተተችባት፤ ገረዲቱም ሞተች። ያን ጊዜ ያደረገችው ነገር ገብቷት ደነገጠች፤ ገረዲቱ ከሞት ብትነሣላት ዓለምን ትታ እንደምትመንን ተስላ አለቀሰች። ገረዲቱ ተነሣች፤ እርሷም ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ጣና።

የቤቱ እመቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምክንያቷን ተናገረች። ዐይኗን ወደ ጓዳው በር መለስ አድርጋ፣ «ልጅቷ እየሰማች እንዴት ይነበባል? ከገጠር ከእናቷ እጅ ተቀብዬ ያመጣኋት ናት። ቅድስት የምንላት ሴት ገረዷን በእሳት ገደለች ሲባል ምን ብላ ታስብ?» አለች። ልጅቷ በሩ አጠገብ ከጀበናው ፊት ተቀምጣ ፍሙን ታራግብ ነበር። ማራገቢያዋ ከቆመ ቆይቷል፤ ፍሙም አመድ መልበስ ጀምሯል።

«እኔ ደግሞ እንዲነበብ የምፈልገው እርሷ ስላለች ነው» አለች ነርሷ፣ እርሷም ዝቅ ባለ ድምፅ። «በየቤታችን የምንቆጣ እኛ ነን።»

ዝምታውን የሰበሩት የኔታ ናቸው። ሰኔ 24 ቀን ስንክሳሩ ስለ ሙሴ ጸሊም ሲነበብ፣ ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ እንደ ነበረ ማንም ሳያፍር እንደሚሰማ አስታወሱ። እኚሁ አባት አንድ ወንድም ባጠፋ ጊዜ ለፍርድ ሲጠሩ፣ የሚያፈስ እንስራ ተሸክመው መጥተው፣ «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ» ማለታቸውንም ጨመሩ። «የወንዱን ወንጀል በቤተ ክርስቲያን ካነበብን፣ የሴቲቱን የምንደብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ይህ ገድል በአብዛኛው በራሷ አንደበት የሚናገር ነው። የተናዘዘችውን ሴት ዝም በይ ማለት የእኛ ሥልጣን አይደለም» አሉ።

በዚህ መካከል ለቡና የተጠሩት ሙስሊም ጎረቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ በእነርሱም ዘንድ የወልዮች ከራማ ሲነገር እንደሚውል፣ አባታቸው ግን ሁልጊዜ ሼሁ ደረሳ ሳሉ በየደጁ ቁራሽ እየለመኑ የቀሩበትን ዘመን አስቀድመው ይነግሯቸው እንደ ነበር አወጉን። የኔታ የራሳቸውን የቆሎ ተማሪነት አስታውሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የታሪክ መምህሩ ባልደረባችን የአቡነ ጴጥሮስን ነገር አነሣ። የወሎ ጳጳስ ሆነው መንበራቸው እዚሁ ደሴ ነበር፤ ጣሊያን ሕዝቡ እንዲገዛ አውግዙልን ቢላቸው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። «በእርሳቸው ታሪክ ክንፍ የለም፤ ሰው ነበሩ፣ እምቢ አሉ፣ ሞቱ» አለ። ነጋዴው ሰማዕትና ጻድቅ የተለያየ ነው ብሎ ሊከራከር ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ይህ ክር ብዙ አልተመዘዘም።

እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆች የቅዱሳንን ታሪክ የማዘጋጀው ሰው ስለሆንሁ፣ ያን ቀን ዝም ብዬ ብውልም ፍርዴን መስጠት ይገባኛል። በዋናው ነገር ነርሷ ትክክል ናት። ክርስቶስ ሠምራ በይበልጥ የምትታወቀው ዲያብሎስንና ፈጣሪን ለማስታረቅ በመለመኗ ነው፤ ሲኦል ድረስ ወርዳለች፣ ዲያብሎስ ሊያስቀራት ሲጎትታት ቅዱስ ሚካኤል አድኗታል፣ ብዙ ነፍሳትም ከእርሷ ጋር ወጥተዋል። ገረዲቱን ዘልለን ይህን ብቻ ስናነብ ልመናዋ ግራ ያጋባል፤ ለዲያብሎስ ምሕረት መለመን ምን የሚሉት ነገር ነው ያሰኛል። ገረዲቱን ካነበብን በኋላ ግን የምንሰማው፣ በገዛ እጇ ሰው ገድላ ምሕረት ያገኘች ሴት፣ ምሕረት የማይደርስበት ሰው ቀርቶ ዲያብሎስ እንኳ አለ ብላ ለማመን ያቃታት መሆኑን ነው። ያን ገጽ በቆረጥን ቁጥር ያሳጠርነው የእርሷን ኃጢአት ሳይሆን የርኅራኄዋን ምንጭ ነው።

ነጋዴውንም በአንድ ነገር እደግፈዋለሁ፤ ምናልባት እርሱ ካሰበው በላይ። ከዚሁ ታሪክ ተአምሩን ብናወጣ ገረዲቱ ሞታ ትቀራለች፤ የሚተርፈን እመቤቷ ተጸጽታ መነነች የሚል የእመቤቲቱ ታሪክ ብቻ ነው። ገድሉ ግን ሟቿን ሳያስነሣ ገዳይዋን ወደ ገዳም አላሰናበታትም። ለገረዲቱ የቆመላት በዚያ ቤት ማንም ሳይኖር፣ የቆመላት ተአምሩ ነው።

የቤቱ እመቤት ስለ ልጆቹ ያላትን ስጋት አልንቅም። ለትንንሾቹ ትንታጉን አልነግራቸውም፤ ተቆጥታ ገደለቻት፣ አለቀሰች፣ እግዚአብሔር አስነሣላት ማለት ይበቃል። ስለ ጓዳዋ ልጅ የተናገረችውን ግን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ስንወጣም የቤቱን እመቤት በረንዳው ላይ ይዣት ይህንኑ ነገርኋት። በመጪው ዓመት ነሐሴ 24 አንባቢው እኔ ነኝ፤ ገድሉን ከገረዲቱ እጀምራለሁ፤ ልጅቷም ያን ቀን ከጀበናው ፊት ተነሥታ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። «ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አለችኝ።