ከሐረጎ ቁልቁለት በታች የሚነፋው አቧራ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው የፍሬን ሸራ (ፍሬን ሲያዝ እየተፋተገ መኪናውን የሚያቆመው ልባስ) በዚህ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚበላ ለመገመት አይቸገርም። ያለቀው ሸራ የሚቀየረው ታች በየጋራዡ ነው። ጎማው ወልቆ ታምቡሩ፣ ማለትም ሸራውን የሚሸፍነው ብረት፣ ሲከፈት፣ ውስጡ የተጠራቀመውን የሸራ ዱቄት ረዳቱ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋዋል፤ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ግን እምብዛም አላየሁም። ሸራ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሙቀት በሚቋቋመው አስቤስቶስ ሲሠራ ቆይቷል፤ ማሸጊያው ስለ ይዘቱ ምንም የማይናገር ሸራ የገዛ መካኒክም ምን እየነፋ እንደሆነ ማወቅ አይችልም። ከዚህም የሚብሰው የአሮጌ ቦይለርና (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ጋን) የእንፋሎት ቧንቧ ሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ ሆኖ ሳለ በደረቁ መግፈፍ ነው።

አስቤስቶስ ሲፈረካከስ በዓይን ወደማይታዩ ክሮች የሚበታተን ማዕድን ነው። ሳንባ ውስጥ የገባውን ክር ሰውነት ሊያሟሟው ስለማይችል፣ ክሩ እዚያው ተቀምጦ ሳንባውን ጠባሳ ያደርገዋል፤ ይህ አስቤስቶሲስ ይባላል። የሳንባ ካንሰርንና የሳንባን ሽፋን የሚይዘውን ሜሶቴሊዮማንም ያመጣል። ለሚያጨስ ሠራተኛ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጅግ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ላይ በሚደርስ የአስቤስቶስ መጋለጥ ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

ችግሩ ሁሉ ከጊዜው ርዝመት ይመጣል። ሜሶቴሊዮማ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ሰውየው ለክሩ ከተጋለጠ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1970ዎቹ በወጣትነቱ ቦይለር ሲጠግን የነበረ ሰው ዛሬ ደሴ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ መጀመሪያ «ብርድ መታኝ» ይላል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ ለሁሉም በሽታ በቂ ምክንያት ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው አስም ወይም ቲቢ ይሆናል። «ድሮ ሥራህ ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ካላገኘ ሕመሙ ከሥራው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

በይርጋ ምክንያት፣ ማለትም ካሣ የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል ብለው፣ ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እኔ ግን የሕጉን በር የተዘጋ አድርጌ አላየውም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መሠረት አሠሪው ለሥራ ላይ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በሙያ ምክንያት በሚመጣ በሽታ ደግሞ ጉዳቱ ደረሰ የሚባለው ሠራተኛው አቧራውን በተነፈሰበት ቀን ሳይሆን፣ ሥራ መሥራት ባቃተው፣ በሽታው መጀመሪያ በሐኪም በታወቀበት ወይም በበሽታው በሞተበት ቀን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጡረታ ዋስትና ያልታቀፈ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው፣ የሚገባው ካሣ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው።

በእኔ አስተያየት ጉዳዩ የሚወድቀው ወረቀት ላይ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አሠሪው ተሸጦ፣ ፈርሶ ወይም መዝገቡ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ዝርፊያና ውድመት ያየ ሰው መዝገብ እንዴት እንደሚጠፋ አይነገረውም። በቀን ሠራተኝነት የተቀጠረው ደግሞ ቀድሞውንም ወረቀት የለውም። አዋጁ ለሠራተኛው የሥራ ዓይነቱንና የአገልግሎት ዘመኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው ያዛል፤ በተግባር ግን «በጥገና ክፍል ሠርቷል» ተብሎ ይታለፋል። ይህች አንዲት መስመር «የፍሬን ሸራ ቀያሪ» ወይም «የቦይለር መከላከያ ገፋፊ» የምትል ብትሆን ኖሮ ለሐኪሙም ለዳኛውም ትልቅ ነገር ነበረች።

ስለዚህ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ማስረጃው በዝርዝር እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ኮፒውንም ቤቱ ያስቀምጥ፤ አብረውት የሠሩትን ስም ይያዝ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ጋራዦቹን ሲጎበኙ ኮምፕሬሰሩን ያስቁሙ፤ ዱቄቱ በውኃ ረጥቦ በጨርቅ መጠረግ ይችላል፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ ነው።